ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሸክሙ አከፋፈል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ «ስለ ኑሮ ውድነት» የሚል ብቻ ነበር። «ስለ ሸክሙ አከፋፈል» የሚለውን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ስለ ውድነቱማ ምን እነግራችኋለሁ? ዘንቢል ይዘው ከገበያ የሚመለሱት እናቶች ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እኔ መናገር የምፈልገው ዋጋ በወጣ ቁጥር ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ፣ ሲያርፍበትስ ያ ሰው ተጠይቆ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። በመጨረሻም ዛሬ ለውሳኔ ስለ ቀረበልን ስለ መዋጮው ጉዳይ ሐሳቤን እሰጣለሁ፤ የመጣሁትም በእርግጥ ለእሱ ነው።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው። ቢሆንም አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መጀመሪያ በተላላኪነት፣ ኋላ በመዝገብ ቤት፣ ከዚያም የደመወዝ ሊስት በመጻፍ ስለ ኖርሁ ቁጥር አያስፈራኝም። አንዳንድ ወዳጆቼ ደግሞ «አንተ መቼም ግራ ዘመም ነህ» ይሉኛል። ይሁን፣ ነኝ። ነገር ግን ግራ የምለው ምን እንደሆነ ካልነገርኋችሁ ሌላ ነገር ሊመስላችሁ ስለሚችል ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ።

አባቴ በዚሁ በሰበታ ዙሪያ የሰው መሬት የሚያርስ ጢሰኛ ነበር። ከምርቱ ሲሶውን ለባለ መሬቱ ይሰፍራል። አሥራቱም የሚጫነው በእሱው ላይ ነበር። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ወጣ። መንግሥትም በቤንዚን ላይ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ሰሞን አድማ ላይ ነበሩ። ሳምንት ሳይሞላ የቤንዚኑ ዋጋ ቀነሰ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። እንግዲህ ይህን አስቡት፤ ዋጋ ከላይ ተወሰነ፣ ከታች ያለው ሰው «አልችለውም» አለ፣ ዋጋውም ተመለሰ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ያየሁት ያኔ አንድ ጊዜ ነው።

በዓመቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 31። አባቴ ሲሶ መስፈሩ ቀረለት። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ዝቅ ያለ ቤቶች ኪራያቸው ተቀነሰላቸው። ግራ የምለው ይህንን ነው። ሌላ ትልቅ ፍልስፍና የለኝም። የሚያርሰው ይብላ፣ ዝቅ ያለው ይቅለለው፣ የሚከፍለው ሰው ይጠየቅ፤ በቃ።

ቀጥሎ የመጣውን አልሸፍንም። እዚህ ከተቀመጡት እናቶች መካከል በቀይ ሽብር ልጃቸውን ያጡ አሉና መሸፈንም አይገባም። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም በሠራተኛው ስም እየማሉ ተፋጁ፤ ደርግ ሁለቱንም በላቸው። ገበሬውም መሬት አገኘ ተብሎ ሳይጨርስ እህሉን በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዋጋ በኮታ አስረክብ ተባለ። የሠራተኛው ፓርቲ የተባለው ኢሠፓ የተመሠረተው በ1977 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ሰሞን ነው፤ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ በሚረግፍበት ጊዜ በአዲስ አበባ ዐሥረኛው የአብዮት በዓል በድምቀት ይከበር ነበር። ሠራተኛ ተብዬው እኔ በዚያን ጊዜ በፓርቲው ስም ከደመወዜ መዋጮ ሲቆረጥ እንጂ ሐሳቤን ሲጠይቁኝ አላየሁም። ስለዚህ ‹ግራ› የሚል ታፔላ ስለ ተለጠፈበት ብቻ አንድን መንግሥት አልደግፍም። ታፔላውን ትተን ሰው ተጠይቋል ወይ እንበል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ገበያ ነጻ ወጣ ተባለ። ወጣም። የቀበሌ ሱቅ ወረፋ ቀረ፣ ዕቃውም በየሱቁ ሞላ፤ ይህን የሚክድ ሰው ዓይን የለውም። የብር ነገር ግን ከዚያው ጀምሮ ወደ ታች ሆነ። ለሃያ ዓመት ገደማ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበረች። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባች። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና፣ በ2010 ዓ.ም. እንደገና የብር ዋጋ እንዲቀንስ ተደረገ። የመጨረሻውና ትልቁ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። እሱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

የራሳችንን ሰፈር እንይ። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እዚሁ ሰበታ ነው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሆነ። በ2004 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ዲያጆ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዲያጆ ዐሥር ዓመት ይዞት በ2014 ዓ.ም. ለፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን፣ ማለት ለቢጂአይ፣ መልሶ ሸጠው። ሻጭም ገዢም ደስ ብሏቸው ተለያዩ። የሕዝብ ንብረት ሲባል የኖረው ነገር ሲሸጥ ከሰበታ ሕዝብ አንድ ሰው «ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን አልሰማሁም። እኛ ዕድር ውስጥ አንድ አሮጌ ድስት ለመሸጥ እንኳ ቃለ ጉባኤ እንይዛለን።

ቡራዩም እንዲሁ ናት። የገፈርሳ ግድብ አጠገቧ ነው፤ ውሃው አዲስ አበባን ያጠጣል። ሱሉልታ ደግሞ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ የበዛባት አገር ሆናለች። በእነዚህ ከተሞች ቢጫ ጄሪካን ደርድሮ ቦኖ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ አታውቁም? ውሃው ከዚያ ይወጣል፣ ሰውየው እዚያው ይጠማል።

ስለ መሬቱ ብናገር ቀኑ ይመሻል። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሚባል ነገር መጣ፤ ወጣቶች ተቃውመው ወጡ፣ ብዙዎች ሞቱ፣ ከዚያ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ ተባለ። ሳይሞቱ መጠየቅ አይቻልም ነበር ወይ? በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹም ተዋህደው ሸገር ከተማ ሆኑ። በዚያው ዓመት ስለ ተካሄደው የቤቶች ማፍረስ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሪፖርት አውጥቷል፤ ማንበብ የሚችል ያንብበው። ካሣውንም በሚመለከት፣ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ከይዞታው ለሚነሣ ገበሬ የሚታሰብለት የዓመት ገቢው ዐሥር እጥፍ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ዐሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። መሻሻል ነው። ግን ዐሥራ አምስት ዓመት አለፈና ከዚያስ? ልጁ ምን ያርሳል? አባቴ መሬቱን ያገኘው ለዐሥራ አምስት ዓመት አልነበረም።

አሁን ወደ ብሩ ልመለስ። ነገሩ የሚጀምረው ከብድር ነው። ከሰበታ ተነሥቶ ጂቡቲ የሚደርሰው የባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በአብዛኛው የተሠራው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ባቡሩን አልጠላሁትም፣ ጥሩ ነገር ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣለች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከዚህ ቦንድ ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል ሲገባት ሳትከፍል ቀረች። ጦርነቱም በመካከል ነበር፤ ጦርነት ስንት እንደሚያስወጣ ታውቃላችሁ። አበዳሪዎቹ ብድሩን እንዲያስተካክሉ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ስምምነት ያስፈልግ ነበር። ድርጅቱም የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከሚሉት ወገን ነው። እንግዲህ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደ።

በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ለዚህ ምክንያት የሚሰጡት ሰዎች ሙሉ በሙሉ ውሸታም ናቸው አልልም። የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ደርሶ ነበር፤ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ቤተሰቦችም በባንክ ቢቀበሉ ይጎዱ ነበር። መንግሥትም ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ለጊዜው ድጎማ አደርጋለሁ ብሏል። ቢሆንም ነዳጁ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንደ 1966ቱ የሚመልሰው አልተገኘም።

«እኛ ጤፍ በዶላር አንገዛም» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፣ በዶላር አንገዛም። ነገር ግን ማዳበሪያው በዶላር ይመጣል፣ ጤፉን የሚያመጣው አይሱዙ የሚጠጣው ናፍጣ በዶላር ይመጣል፣ ጎማውም፣ የወፍጮው መለዋወጫም እንዲሁ። ነጋዴው ይህን ሁሉ ጨምሮ በእናንተ ላይ ይጥለዋል፤ እናንተ በማን ላይ ትጥሉታላችሁ? ባለ ታክሲው በተሳፋሪ ላይ ይጥላል፣ ባለ ቤቱ በተከራይ ላይ ይጥላል። ደመወዝተኛና ጡረተኛ ግን መጨረሻ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ከኋላው የሚጥልበት ሰው የለም።

የጡረታውን አሠራር ላስረዳ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ በወጣሁበት በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 መሠረት፣ ለመጀመሪያው ዐሥር ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ከ70 በመቶ ግን አይበልጥም። ይህ የሚባዛው ከጡረታ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት በነበረው አማካይ ደመወዝ ነው። እኔ በ2013 ዓ.ም. ስወጣ አርባ ዓመት አገልግያለሁ፤ 67.5 በመቶ መሆኑ ነው። አማካይ ደመወዜ 3,000 ብር ነበረ። ስለዚህ 2,025 ብር ተቆረጠልኝ። በዚያን ጊዜ ዶላሩ 44 ብር ገደማ ስለነበረ የእኔ ጡረታ 46 ዶላር ነበር ማለት ነው። ዶላሩ 120 ሲገባ ያው ገንዘብ 17 ዶላር ሆነ። አልፎ አልፎ ጭማሪ ይደረጋል፣ አልክድም። ነገር ግን ጭማሪው መቼና ስንት እንደሚሆን ከዋጋው ጋር ያሰረው ደንብ የለም፤ ሲፈቀድ ይመጣል፣ ሳይፈቀድ ይቀራል። ጭማሪውን ትተን ብናሰላው ከአርባ ዓመት አገልግሎቴ ሃያ አምስቱ ዓመት ጠፋ። ተላላኪ ሆኜ በዝናብ ደብዳቤ ይዤ የሮጥሁበት ሁሉ፣ በመዝገቡ ላይ አለ፣ በገበያ ላይ የለም። ማን ወሰደው ብትሉኝ ስም አልጠራም። በኪሱ የከተተ አንድ ሰው የለምና። እንዲያው በውሳኔ ነው የሄደው።

ከጡረታውም ይልቅ እኔን የሚያበግነኝ የደመወዝ ግብሩ ነው። የደመወዝ ሊስት የጻፈ ሰው ይህን ይረዳዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 600 ብር ደመወዝ ግብር የለበትም አለ። ከ10,900 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍል ነበር። በዚያን ጊዜ ዶላሩ ወደ 22 ብር ነበር፤ 600 ብር 27 ዶላር፣ 10,900 ብር ደግሞ ወደ 495 ዶላር መሆኑ ነው። ትልቁ ግብር የትልቅ ሰው ግብር ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብሩ እየወረደ ቁጥሩ ግን ሳይነካ ተቀመጠ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዶላሩ 135 ገደማ ሲሆን ያ 600 ብር አምስት ዶላር እንኳ አልሆን አለ። የዘበኛና የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ሳይቀር ግብር ተቆረጠበት።

የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለዓመታት ጮኸ። በመጨረሻም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1395 ወጣና ነጻው መነሻ 2,000 ብር ሆነ። ጋዜጣውም ሬዲዮውም «ለሠራተኛው እፎይታ» አለ። እኔም ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። 2,000 ለ135 ሲካፈል ዐሥራ አምስት ዶላር አይሞላም። በ2008 ዓ.ም. ነጻ ከነበረው ወደ ግማሽ ወርዷል ማለት ነው! ትልቁ የ35 በመቶ ግብር የሚጀምርበት ደግሞ 14,000 ብር ሆነ፤ 104 ዶላር። በ2008 ዓ.ም. የትልቅ ባለሥልጣን የነበረው የግብር እርከን ወደ አስተማሪው ወረደ እንጂ አስተማሪው ወደ ባለሥልጣኑ አልወጣም። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ግብሩ ገንዘቡ እጃችን ሳይገባ ነው የሚቆረጠው። ነጋዴው ይከራከራል፣ ይግባኝ ይላል፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይቀጥራል። ፔሮል ላይ ያለ ሰው ስሙ አጠገብ ፈርሞ ይሄዳል።

የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር እንዲያድግ ተደርጓል፤ ይህ መልካም ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ወለል በሕግ ሳይቀመጥለት ነው የኖረው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሜይ ዴይ በዓል በመጣ ቁጥር ሠራተኛው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በዚያው በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባወጡት ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዓለም ካሉት ልብስ ሰፊ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው አሉ። ይህንን ባለሀብት ለመሳብ እንደ ጥሩ ነገር ሲያስተዋውቁት ይገርመኛል። ልጆቻችን ርካሽ ናቸው ተብሎ ማስታወቂያ ይሠራል እንዴ?

አሜሪካን ቢሆን ይሻል ነበር የሚል አለ። ልጆቻችን እዚያ ናቸው፣ የብዙዎቻችንም ቤት የሚደጎመው ከእነሱ ነው፤ እግዜር ይባርካቸው። ነገር ግን ስትደውሉላቸው ምን ይሏችኋል? የቤት ኪራይ፣ የሐኪም ሒሳብ። የአገሪቱ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ይህም የተወሰነው በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን ከዚያ ወዲህ አልተነካም። አንዳንድ ክፍላተ ግዛት የራሳቸውን ከፍ አድርገዋል እንጂ ምክር ቤታቸው ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ዝም ብሏል። ዋጋው ግን ዝም አላለም። ስለዚህ የእነሱም ድሀ እንደ እኛው ያጉረመርማል። ልዩነቱ የት ነው ብትሉ፣ የአሜሪካ ሰው ድምፅ እኛም ቤት ይደርሳል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት መሥሪያ ቤቱ ዋሽንግተን ነው፤ ከድምፁ ውስጥ 16 በመቶ ተኩል ገደማ የአሜሪካ ነው። ትልልቅ ውሳኔ ደግሞ 85 በመቶ ድምፅ ስለሚያስፈልገው አሜሪካ ብቻዋን «አይሆንም» ማለት ትችላለች። እኛ የምንበላውን ዋጋ የሚነካ ውሳኔ ላይ አሜሪካ ድምፅ አላት። የሰበታ ጡረተኛ የለውም።

«ምርጫ አለ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ከ1987 እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ስድስት ጊዜ አገር አቀፍ ምርጫ ተደርጓል፤ እኔም ተሰልፌ መርጫለሁ። በ2007ቱ ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። አንዲት ወንበር እንኳ ለተቃዋሚ አልቀረችም። የሚያሳዝነኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ተቃዋሚዎቹም ሲመጡ የሚነግሩን ስለ ዘር፣ ስለ ካርታ፣ ስለ ባንዲራ ነው። አባቶቻችን ስለ መሬት የተከራከሩበት አገር ውስጥ ስለ ጡረታ፣ ስለ ደመወዝ ግብር፣ ስለ ቤት ኪራይ ብሎ የሚከራከር ፓርቲ ጠፋ። የኦሮሞው ጡረተኛና የአማራው ጡረተኛ፣ የጉራጌውም፣ የዶርዜውም በአንድ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይቆማሉ፤ የምርጫ ቅስቀሳ ሲመጣ ግን ለየብቻ ይጠራሉ። በየወሩ ይህን መሰብሰቢያ የሚሞላው ሕዝብ ስንት ዓይነት ቋንቋ እንደሚናገር ተመልከቱ። ማን ከማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ነው ሬሳ የምንሸከመው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልምጣ።

ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወርኃዊ መዋጮ ከ50 ብር ወደ 150 ብር ለሁሉም እኩል ይጨመር። ሁለተኛ፣ ሦስት ወር ያልከፈለ ከመዝገብ ይሰረዝ የሚለው ደንብ ይጥበቅ። ኮሚቴውን አልወቅስም። የሬሳ ሣጥን ዋጋ፣ የአውቶቡስ ኪራይ፣ የድንኳኑ ሸራ፣ ለንፍሮ የሚሆነው ስንዴና ባቄላ ሁሉ ጨምሯል። ገንዘብ ያዣችን በሌለ ገንዘብ ሊከፍል አይችልም። 45,000 ብር በየወሩ ያስፈልጋል፤ ይህን እኔም ደብተሩን አይቼ አረጋግጫለሁ።

ነገር ግን ከላይ ስናማርርበት የቆየነውን ነገር እዚህ እኛው ልንደግመው ነው። 150 ብር ሁለት መኪና ለሚያከራይ አባላችን የአንድ ምሳ ሒሳብ ነው። እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡት እናት ግን የሁለት ቀን ትርፍ ነው። እኩል ብር ማለት እኩል ሸክም ማለት አይደለም።

ሁለተኛውም ነገር ቀላል አይደለም። ባለፈው ዓመት 19 አባላት ከመዝገብ ተሰርዘዋል። እነማን እንደሆኑ በየስማቸው ተከታትያለሁ። ጠጥተው ያልከፈሉ የሉበትም። አብዛኞቹ ተከራዮች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይውጣ፣ ኪራይም ዝም ብሎ አይጨመር ይላል፤ በወረቀት። አከራይ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ካለ ተከራይ ክስ አይከስም፣ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ወደ ሩቅ ሰፈር የሄዱት መዋጮ ለመክፈል የታክሲ ከመዋጮው ይበልጥባቸዋል። ሦስት ወር ሞላና ተሰረዙ። ከመካከላቸው አንዲት እናት በጾሙ መካከል አረፉ። ሃያ ሁለት ዓመት መዋጮ የከፈሉ ሴት ናቸው፤ ብዙዎቻችሁ በኀዘናችሁ ቀን ንፍሮ ሲቀቅሉላችሁ ታስታውሳላችሁ። ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልሄደም። ልጃቸው መጥታ በሩ ላይ ቆማ «ደንቡ አይፈቅድም» ተባለች፤ ደንቡም በእርግጥ አይፈቅድም ነበር። ጥቂት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በየግላቸው ሄዱ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ደንቡን ሳነበው ከአዋጅ ቁጥር ጋር ይምታታብኛል።

ስለዚህ የሚከተለውን ለጉባኤው አቀርባለሁ። መዋጮው ሦስት እርከን ይሁን፤ 80 ብር፣ 150 ብርና 240 ብር። አባሉ የትኛው እንደሚችል ራሱ ይምረጥ፤ ማንም ቤቱ ገብቶ አይመርምረው። ሐሰት ይበዛል የሚል ካለ፣ እኛ እኮ ጎረቤት ነን፣ ማን ምን እንዳለው ማን ያጣዋል? 300 አባላት አሉን። መቶው 80 ቢከፍሉ 8,000፣ መቶ ሃያው 150 ቢከፍሉ 18,000፣ ሰማንያው 240 ቢከፍሉ 19,200፤ ድምሩ 45,200 ብር ይሆናል። ከሚያስፈልገው 200 ብር ይተርፋል። ሰማንያ ሰው አይገኝም ለሚሉኝ፣ እስካሁን በግል ያነጋገርኋቸው 53 ሰዎች 240 ለመክፈል ስማቸውን ሰጥተውኛል፤ የቀሩትን 27 ዛሬ እዚሁ እፈልጋለሁ። አገልግሎቱ ግን ለሁሉም አንድ ይሆናል። ያው ድንኳን፣ ያው ወንበር፣ ያው የገንዘብ ድጋፍ፤ 80 የከፈለ ሰው ሬሳው በአጭር ጡሩምባ አይሸኝም።

ሁለተኛ፣ ውዝፍ እስከ አንድ ዓመት ይታገሥ፤ ሲሞት ውዝፉ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ይቀነስ እንጂ ቀብሩ አይከልከል። ሩቅ የሄደ በቴሌብር ይክፈል፤ ልጆቻችን ያስተምሩናል። በየሦስት ወሩ እንጂ በየወሩ እንዲመጣ አይገደድ። የተሰረዙት 19 ሰዎች፣ በሕይወት ያሉት 18ቱ፣ የመግቢያ ገንዘብ ሳይጠየቁ በደብዳቤ ይጠሩ። ደብዳቤውን እኔ እጽፈዋለሁ፤ አድራሻቸውንም ይዣለሁ።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ መዋጮ የሚነካ ሐሳብ ሁሉ ከጉባኤው አንድ ወር በፊት በየመንደሩ ይነገር። ዛሬ እዚህ ያልመጡ ተከራዮች አሉ፤ እሑድ ሥራ የሚውሉ ናቸው። በሌሉበት የሚጨመርባቸው ይኸው ዛሬ ነው። ስለሆነም በመዋጮው ላይ የሚሰጠው ድምፅ ለሚመጣው ወር እንዲዛወር እጠይቃለሁ።

የሒሳቡን ወረቀት በሦስት ቅጂ ለጸሐፊያችን አስረክቤያለሁ፤ አንዱ ቅጂ የድንኳኑ ዕቃ ቤት በራፍ ላይ ተለጥፏል። ተሳስቷል የሚል ካለ በእርሳስ ከጎኑ ይጻፍበት።